የውቢት መሐላ

ሸጊቱ ባሏን ማን እንዳሳመመባት ታውቃለች። የጎደላት ማስረጃ ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በደባርቅና በዳባት መካከል ያለውን ገብስ ተምች በወረረበት ሰኔ ነው። የገበሬ ማኅበሩ መድኃኒት የሚረጩ ጎበዞች ሲመርጥ የሸጊቱ ባል አሻግሬም ተመረጠ። ካድሬው «ዘመቻ ነው» አለ፤ ዘመቻ ደግሞ እምቢ አይባልም። አሻግሬ ነጠላውን አፉ ላይ ጠምጥሞ፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ከነፋስ ጋር ሲታገል ሰነበተ። አንድ ቀን ማሳው መካከል ተልፈስፍሶ ወደቀ። የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ ዋሴ በበቅሎ ጭኖ ቤቱ አደረሰው።

የዳባት ክሊኒክ ድሬሰር ሲያየው ብዙም አልተደናገጠም።

«መድኃኒቱ ነው። ከእንግዲህ እንዳትረጭ። ገላህን ታጠብ፣ ልብስህ ይታጠብ፣ ተኛ። ይለቅሃል» አለው።

እንዳለውም ለቀቀው። አሻግሬ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ፤ ከጎረቤት ጋርም ቀለደ። ሸጊቱ ደስ አላት። ፈውሱ እንዲጸናለት ብላ ከኪዳነ ምሕረት ጸበል ልትቀዳለት ወረደች።

ስትመለስ መንገድ ላይ ውቢት አገኘቻት።

ውቢት የአሻግሬ የፊት ሚስቱ ናት። መውለድ ስላልሆነላት በሽማግሌ ተለያይተው፣ ንብረት ተካፍለው፣ እሷ ከአጥሩ ማዶ ቀረች። አልተጣሉም። ሸጊቱን የሚከነክናት ይኸው አለመጣላታቸው ነበር። የተፋታ ሰው ወጉ መኮራረፍ ነው፤ እነዚህ ግን ሲገናኙ ይሳሳማሉ።

ውቢት ሸጊቱ ያዘለችውን ቢጫ ጀሪካን ትክ ብላ አየችው። ያኔ በመንደሩ የፕላስቲክ ዕቃ ብርቅ ነበር። አሻግሬ ሊታመም ሰሞን ነው፣ «ገንቦ ወገብሽን ቆረጠው፤ ይኸው ከደባርቅ ገበያ ገዛሁልሽ» ብሎ ያመጣላት። በዚያ በችግር ወር ገንዘቡን ከየት አመጣኸው አላለችውም። የተወደደች ሴት ዋጋ አትጠይቅም። ትንሽ ላምባ ላምባ ሲላት በአመድ አሽታ አጠበችውና ሽታው ለቀቀ፤ ስለሳሳችለትም ከጸበል በቀር አልቀዳችበትም።

«ዕቃው ያምራል» አለች ውቢት። «ለጸበል ግን ሸክላ ይሻላል። የኔን ገንቦ ልስጥሽ?»

«ገንቦሽን ለራስሽ» አለች ሸጊቱ። ውቢት ዕድሜዋን ገንቦ ስትሸከም ማንም ጀሪካን አላመጣላትም፤ ታዲያ ባትቀና ምን ታድርግ?

በማግስቱ አሻግሬ እንደገና ወደቀ። አሁንስ ባሰበት። ላብ አጠመቀው፣ ለሃጩ ተዝረከረከ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ። የዓይኑ ብሌን የጤፍ ፍሬ አከለች። ማሳ አልረገጠ፣ መርጫ አልነካ። ሸጊቱ ምን ነካው ማለቱን ትታ ማን ነካው ወደ ማለቱ ዞረች፤ መልሱን ፍለጋም ሩቅ አልሄደችም።

ውቢት ደግሞ ጥርጣሬን የምትሸሽ ሴት አልነበረችም። አንድ ቀን የተልባ ውሃ፣ ሌላ ቀን አጥሚት ይዛ ትመጣለች። «እግዜር ይማርህ» ብላ ከራስጌው ትቀመጥና ታለቅሳለች። ሸጊቱ በፈገግታ ትቀበላትና እግሯ ሲወጣ ያመጣችውን ለውሻ ትሰጣለች። ውሻው ልሶ ጭራውን ይቆላል።

«ለሰው የተቀመመ ውሻ አይገድልም» አለች ሸጊቱ።

ከዚያ ወዲያ አሻግሬ ከሷ እጅ በቀር እንዳይቀምስ ከለከለችው። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ጸበሉን በኩባያ ትሰጠዋለች። ጸበሉ እንደ አጓት ነጣ ይላል። በረከቱ ነው ብላ በልቧ አመሰገነች። አሻግሬ ግን በየቀኑ ይደክማል። ሸጊቱ ፈራች። ይህን ሰው ካጣች ምንም የላትም።

በመጨረሻ የንስሐ አባታቸውን አባ ወልደ ሩፋኤልንና ሽማግሌዎቹን ቤቷ ሰበሰበች። ውቢትም ተጠርታ መጣች።

«አባ፣ ትማልልኝ» አለች ሸጊቱ። «ከዚህ ጸበል ጠጥታ ትማልልኝ። ንጹሕ ከሆነች ምን ያስፈራታል?»

«ልጄ፣ ጸበል ለፈውስ እንጂ ለፍርድ አልተሰጠንም» አሉ አባ።

ሽማግሌዎቹ ግን ወደ ውቢት ዞሩ። በሰው ፊት የተጠረጠረ ሰው ሳይምል ቢወጣ ከዚያ ወዲያ ማን እሳት ያበድረዋል? ውቢት ራሷ እጇን ዘረጋች።

«ስጪኝ። ለአሻግሬ ክፉ አስቤ ከሆነ ኪዳነ ምሕረት ትፍረድብኝ።»

ሸጊቱ ኩባያውን እስከ አፉ ሞላችላት። ውቢት አማትባ ጨለጠችው። ኩባያውን ስትመልስ እጇ ቀጥ ያለ ነበር። ሸጊቱ ለአፍታ ልቧ ከዳት፤ ይህች ሴት ንጹሕ ብትሆንስ ብላ አፈረች።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ግን ከአጥሩ ማዶ ጣር ተሰማ። ውቢትን ላብ አጠመቃት፣ ለሃጯ ተዝረከረከ፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። መንደሩ አማተበ። «ፈረደችባት» ተባለ። ደጇን የረገጠ ሰው አልነበረም።

ሸጊቱ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። የእፎይታ ለቅሶ ነበር። የአሻግሬን ራስ በክንዷ ደግፋ ከወትሮው እጥፍ ቀዳችለት።

«ጠጣ፣ ጌታዬ። ጠላትህ ታወቀች። አሁን ትድናለህ።»

አሻግሬ አንዴ ጀሪካኑን፣ አንዴ እሷን አየ። ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ምላሱ ግን አልታዘዝ አለው። እሷም ጸበሉን ቀስ አድርጋ አጠጣችው።

መጋዘን ጠባቂው ዋሴ ሊጠይቅ የመጣው ያን ጊዜ ነው። «እግዜር ይማርህ» ብሎ መደቡ ላይ ተቀመጠና ዓይኑ ምሰሶው ሥር ያለው ቢጫ ጀሪካን ላይ አረፈ።

«አይ አሻግሬ፣ ለካ አንተ ነህ የወሰድኸው» አለ ፈገግ ብሎ፤ «የተምቹ መድኃኒት የመጣበት ነው እኮ፣ ወግተን እንድንቀብረው ታዘን ስፈልገው ከረምሁ።»