ከፊርማው በፊት

«እዚህ ጋ ይፈርሙ» ትላለች ርዕሰ መምህርቷ፣ ቅጹን ወደ አባትየው እያስጠጋች። «ዛሬ ካልፈረሙ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። መቼም ወረፋውን ያውቁታል።»

ያውቀዋል። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በዚህ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ሲመላለስ አሥራ አንድ ዓመቱ። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ሹራብ የለበሱትን ልጃገረዶች ባየ ቁጥር «የኔዋም አንድ ቀን» ይል ነበር። ያቺ የሱዋ፣ የሁለት የግል የሴቶች ትምህርት ቤቶችን መግቢያ ፈተና አልፋ ይኸው አጠገቡ ተቀምጣለች። ትናንት ያኛውን አይተውታል፤ ቀለሙ የተላላጠ፣ ደረጃው የተሸራረፈ። እሱ በልቡ ያኔውኑ ሰርዞታል። እስክሪብቶውን ያነሳል።

«አባዬ፣ አንዴ ቆይ። ላቦራቶሪውን ማየት እንችላለን?»

ቁልፉ እስኪገኝ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በሩ ሲከፈት ክፍሉ ጽድት ያለ ነው፤ ነጫጭ ጠረጴዛዎች፣ ፕላስቲክ የለበሱ ሃያ ማይክሮስኮፖች።

«የኔ እናት፣ እዪ እንግዲህ!» ይላል አባትየው።

ልጅቷ አንዱን ሽፋን ገለጥ ታደርጋለች። «ተማሪዎቹ በዚህ የሚሠሩት መቼ መቼ ነው?»

«ውድ ዕቃ እኮ ነው። መምህሩ ከፊት ሆኖ ያሳያቸዋል። ልጆች ከነካኩት አለቀለት።»

«እዚያኛው ትምህርት ቤት ያሉት ስድስት ብቻ ናቸው» ትላለች ልጅቷ ዝግ ብላ። «ግን አንዷ ተማሪ ቦታዋን ለቃልኝ የሽንኩርት ልጣጭ አሳየችኝ። ጠረጴዛው ሁሉ በአሲድ ተበልቷል። እኔ መነካካት ነው የምፈልገው።»

ርዕሰ መምህርቷ ወደ አባትየው ዞር ትላለች። «ልጅዎ ደፈር ትላለች።»

ይቅርታ ሊጠይቅ ይዳዳዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው፤ ለስምሪት ኃላፊው፣ ለተሳፋሪው፣ ለትራፊኩ። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ይቆማል። ልጁን ያያታል። ዓይኗን አልሰበረችም።

«አዎ እትዬ፣ ደፋር ናት» ይላል ደረቱን ነፍቶ። «ስላስተናገዱን እናመሰግናለን።»

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ክንዱን ትይዘዋለች። «ተቀየምከኝ እንዴ? ስንት ዓመት የተመኘኸውን…»

«እኔ መች ውስጡን አየሁትና? አጥሩን ነዋ!»

ሳቋ ያመልጣታል። ቀድማው ወደ ውጭ ትወጣለች። የበሩ ጥበቃ ሹፌሩ ባዶ እጁን ሲወጣ አይቶ፣ «ምነው ወንድሜ፣ አልተቀበሏትም?» ይለዋል በሐዘኔታ።

«እሷ ናት ያልተቀበለቻቸው!» ይላል፤ ድምፁ ግቢው ውስጥ ያስተጋባል። ልጅቷ ግራ ቀኝ አይታ መንገዱን ተሻግራለች። እሱ ሳቁን መግታት አቅቶት፣ ያንን ቦርጩን ይዞ ሊደርስባት ይሮጣል።