ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው

«ጮክ ብለሽ አንብቢ። እያነበብሽ በሐሳብሽ የመጣውን ሁሉ ተናገሪ» ትለኛለች ልጄ። «ብትጠይቂኝ አልመልስልሽም፤ አላብራራልሽም። የኔ ሥራ ማዳመጥና መጻፍ ብቻ ነው።»

«አስተማሪ የማይናገርበት ምን ዓይነት ፈተና ነው?»

«አንቺን አይደለም እኮ የምፈትነው፣ እማ። መጠይቁን ነው። ለሰው ከመበተኔ በፊት ግልጽ መሆኑን ማየት አለብኝ። አማካሪዬ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ፈልጊ አለችኝ።»

«ታዲያ ከኔ የባሰ ቀርፋፋ ከየት ልታመጪ!»

ትስቃለች። ደብተሯን ገልጣ ከፊት ለፊቴ ትቀመጣለች።

ወረቀቱ ላይ አሥር ዐረፍተ ነገር አለ። ከእያንዳንዱ ጎን ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ተደርድሯል። አንድ በጭራሽ፣ አምስት ሁልጊዜ። ለኔ የሚስማማውን መክበብ ነው። እኔ ከጎልማሶች ጋር ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እሷ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ቀርቷታል። ትምህርቷ ፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ ይባላል፤ ሰው እንዴት ደስ ብሎት እንደሚኖር የሚያጠና ነው። እህቴ ስትሰማ «ደስታም ዲግሪ አለው? ስትመረቅ ለኔም ትንሽ ትቆንጥርልኝ» ብላ አሥቃናለች። እኔ በልቤ፣ ስለዚህችስ ልጅ አልሰጋም ብዬ ነበር።

ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትኩ እጀምራለሁ። «በ...ሕይወቴ... ረክቻለሁ።» ጉልበቴ ባያመኝ አምስት ነበር እላለሁ፤ አራትን እከባለሁ። ትጽፋለች። «የሚወደኝ ሰው አለ።» ይሄማ ምን ያጠያይቃል እላለሁና ቀና ብዬ አያታለሁ። እሷ ግን ከደብተሯ ቀና አትልም።

ጥያቄዎቹን ያወጣቻቸው ራሷ ናት። አንዱንም ከመጽሐፍ አልገለበጠችም። አንድ ሳምንት ሙሉ በሯን ዘግታ ስትጽፍ፣ ምሳዋን እደጃፏ አስቀምጬላት ስመለስ ሳይነካ አገኘው ነበር። ጎበዝ ተማሪ ምግብ ይረሳል ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ።

ስድስተኛውን ሳነብ ድምፄ ይቀንሳል። «ከሰው መሃል... እየሳቅኩ... የሚስቀው ሌላ ሰው... ይመስለኛል።»

«እዚህ ላይ ምን መጣልሽ?»

«ደስታ አልነበረም እንዴ የምታጠኚው?»

«የመጣልሽን ብቻ ንገሪኝ፣ እማ።»

«አልገባትም ብለሽ ጻፊ» እላታለሁ። ገብቶኛል።

ሰባተኛው ረጅም ነው። ሁለቴ ተሳስቼ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። «እንዳይሰማብኝ... ቧንቧ ከፍቼ... ያለቀስኩበት ቀን አለ።»

ጣቴ «ቧንቧ» ላይ ይቆማል። ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲንዠቀዠቅ ይሰማኛል። ትናንት እንኳ በሩን ደብድቤ «አንቺ ልጅ፣ ወንዝ መሰለሽ እንዴ?» ብያታለሁ። «ይቅርታ እማ፣ ጨረስኩ» አለችኝ ከውስጥ። ድምፅዋ ምንም አልነበረበትም። ወይስ እኔ አላዳመጥኩም?

«ምን መጣልሽ?» ትለኛለች።

«ውሃ» እላለሁ።

ጻፈችው። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲጭር ይሰማኛል።

ስምንተኛውን ከማንበቤ በፊት ዓይኔ ቀድሞ ይሮጣል። ዛሬ ለምን እንደፈጠነ እንጃ። አስተማሪያችን፣ አንድ ቀን ሳታስቡት ፊደሉ ጠፍቶ ቃሉ ብቻ ይታያችኋል ትለን ነበር። የታየኝ ይሄ ነው፦ «ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ፣ ምነው ባልነቃሁ እላለሁ።»

ጮክ ብዬ አላነበብኩትም።

«እማ? ከበደሽ? ፊደሉ ነው?»

«ከጓደኞችሽ አንዷ ነግራሽ ነው፣ አይደል? ይሄን የጻፍሽው ከሰው ሰምተሽ ነው?»

«መመለስ አልችልም። ብመልስ ሙከራው ይበላሻል።»

«ይበላሽ።»

«እሺ አንብቢውና ምን እንደመጣልሽ...»

«አንቺ ነሽ የመጣሽብኝ።»

ብዕሯ ቆመ። ልጅ ሆና አንድ ነገር ስትሰብር እንደምታደርገው ሁለት እጆቿን ከጠረጴዛው በታች ደበቀች። እንድትቆጣኝ እፈልጋለሁ። «እናንተ እናቶች ደግሞ ታበዛላችሁ!» ብላ እንድትስቅብኝ፣ የዛሬን ብቻ መሃይም እንድትለኝ እፈልጋለሁ።

ወረቀቱን ወደሷ አዞራለሁ። «አንቺ ብትሞዪው ስንቱን ትከቢያለሽ?»

ወረቀቱን ታየዋለች። ከታች መንገድ ላይ መኪና ጥሩንባ ይነፋል፤ አንድ ሰው ይሳደባል። ከዚያ የሊፍቱ በር ሲዘጋ ይሰማል። አሁንም ታየዋለች።

«አራት» ትላለች።

አራት ብዙ ጊዜ ማለት ነው።

እናቴ ለትኩሳት ምን እንደሚደረግ ነግራኛለች፤ ለምጥም፣ ለልጅ ሳልም። ለዚህ ግን አልነገረችኝም። «እኔን፣ ልጄ» እላታለሁ።

እነሳለሁ። ቤታችን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የበረንዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መጋረጃው ነፋስ አጥቶ ቀጥ ብሏል። በሩን እዘጋለሁ። ቁልፉን ሁለቴ አዞርና ነቅዬ ጡቴ መሃል እከተዋለሁ። ወንበሬን ጎትቼ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ ከጠረጴዛው ሥር የደበቀቻቸውን እጆቿን ፈልጌ እይዛቸዋለሁ። ቀዝቅዘዋል።

ቤቱ ወዲያው ይታፈናል። ግንባሯ ላይ ላብ ይወጣል፤ የኔም አንገት ይረጥባል። ሙቀት ጠላቷ ነው፤ መስኮት እንኳ ሲዘጋባት የምትቆጣ ልጅ ናት።

በሩን ለምን እንደቆለፍኩት አልጠየቀችኝም።