ስድስት እግር ያላት አቧራ

ተባይዋ ከማይክሮስኮፑ ሥር ስድስት እግሯን ዘርግታ ተንጋላ ነበር። ገና ጨቅላ ናት፤ እንደ እናቷ ቅርፊት ለብሳ ግንድ ላይ አልተለጠፈችም። የሐዘን ጥቁር የለበሰችው የተባይ ባለሙያ ሞላላ ገላዋንና ከጭራዋ የወጡትን ሁለት ረጃጅም ፀጉሮች ጽፋ ጨርሳለች፤ ዝርያዋን ለመለየት የቀራት የአንቴናዋን አንጓዎች መቁጠር ብቻ ነበር። ክፉው ዝርያ ከሆነች፣ ኦቦ ደቻሳ ሰበታ ያፈሉት የሎሚ ችግኝ በሙሉ ይቃጠላል።

«ከጎረቤት በንፋስ የመጣች ናት» አሉ ሽማግሌው ኦቦ ደቻሳ ደጋግመው። «ያለችውም እሷ ብቻ ናት። ደግሞ ጨቅላ ናት ካልሽኝ፣ ጨቅላ ይከሰሳል እንዴ?»

«አልከሰስኳትም፤ መልኳን ነው የምጽፈው። እስቲ ይዩዋት።»

ኦቦ ደቻሳ ጎንበስ አሉና፣ መነጽራቸውን የሚያጸዱ ያህል፣ ተባይዋ ያለችበትን መስታወት እፍ አሉት።

ባለሙያዋ መስታወቱን አየች፤ ባዶ ነው። ጠረጴዛውን፣ እጅጌዋን፣ የሽማግሌውን ጢም ሳይቀር በዓይኗ ፈለገች።

«አቧራ መስሎኝ ነው» አሉ።

«አቧራ ስድስት እግር አለው?»

የሽማግሌው ዓይን ጥቁር ልብሷ ላይ አረፈ። ሰው ሲያዝንላት አትወድምና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ይሄኔ የሽማግሌው አንጀት አልቻለም።

«አይዞሽ ልጄ፣ ለዚህማ አትዘኚ» አሉ ትከሻዋን ነካ አድርገው። «ነገ በጆንያ አመጣልሻለሁ። እኔ ጋ ችግኙ እስከማይታይ ድረስ ሞልቶልሻል።»