የአከርካሪው ጠባቂ

ጥቁር አባያ የለበሰችው ሴት እንደገና ተመልሳ መጣች። ጠባቂው ኸልፋን ወንበሩ ላይ ሆኖ ዱላውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

በወደብ ከተማዋ ሱር ባለው የባሕር ሙዚየም ግቢ ውስጥ አናጺዎች በአባቶቻቸው አሠራር የእንጨት መርከብ ጀምረዋል። እስካሁን የተጋደመው አከርካሪዋ ብቻ ነው፤ ከግንቡ ተነሥቶ ውሃው ድረስ የተዘረጋ ረጅም ግንድ። ወንዶቹ እንደ ልባቸው ይረማመዱበታል። ሴት ግን ወደ ማዶ መሄድ ካማራት በውጭው በር ዞራ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

ምክንያቱን ሱር ውስጥ የማያውቅ የለም። መካን ሴት አዲስ አከርካሪ ከዘለለች ታረግዛለች። መርከቧ ግን ልጁን በነጻ አትሰጥም፤ ከሠሪዎቿ አንዱን ትወስዳለች። ሙዚየሙ ይህን «ጥንታዊ እምነት» ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ኸልፋን ጽሑፉን ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። አናጺ አባቱ ከሚሠራው መርከብ ወድቆ የሞተው አንዲት ሴት በዘለለች ሳምንት ነበር።

አሁን ደግሞ የአናጺዎቹ አለቃ የኸልፋን ታናሽ ወንድም ሙሰለም ነው። የሙሰለም ልጆች ከእናታቸው ይልቅ የኸልፋንን ሚስት ዙወይናን ይወዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያድሩትም ልጅ በሌለበት በእሷ ቤት ነው። ኸልፋን እነሱም አባታቸውን እንዳያጡ ሲያስብ እንቅልፍ ያጣል።

ሴትዮዋ ግራ ቀኝ አይታ ተጠጋችው።

«ወንድሜ፣ ለሶላት መቼ ነው የምትሄደው?»

«የትም አልሄድም። እዚሁ ነው የምሰግደው።»

ፊቷ ቀላ። ዞር ብላ ራቅ አለች።

ወይ ድፍረት! አለ በልቡ። ሌባ ባለቤቱን መቼ ትተኛለህ ብሎ ይጠይቃል?

ዙወይና ምሳውን ይዛ ከች አለች፤ ዛሬ ቀደም ብላለች። ሩዙንና ዓሣውን ጥላው ሥር አስቀመጠች።

«ምነው፣ ፊትህ ልክ አይደለም?»

«ያቻትልሽ። ልትዘል ነው የመጣችው።»

ዙወይና ሴትዮዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ምስኪን» አለች።

«ምን ምስኪን ትያለሽ! ሙሰለምን ልታስበላብኝ እኮ ነው!»

«ቆይ፣ በበሩ ወጣች። በማዶ ዞራ እንዳትዘል! ሂድ ድረስባት፣ እዚህ እኔ አለሁ።»

ኸልፋን እየሮጠ ሄዶ በሩ ላይ ደረሰባት።

«ቁሚ! ምን ፈልገሽ ነው?»

ሴትዮዋ ደንግጣ ዞረች። ንፋሱ አባያዋን ሰውነቷ ላይ ለጠፈው። ሆዷ ተገፍቷል፤ ዛሬ ነገ የምትባል ናት።

«መጸዳጃ ቤት» አለች። «ከወንበርህ ኋላ ነው አሉኝ። ወንድ ተገትሮበት እንዴት ልግባ? ዞር ትል እንደሆነ ብዬ በዚህ ሆዴ ስመላለስ አረፈድኩ!»

ኸልፋን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የበሩን መዝጊያ ተደግፎ ይቅርታ ለመናት፤ የሴቶቹ መጸዳጃ በዋናው ሕንፃ እንዳለም አሳያት።

«አላህ በሰላም ይገላግልሽ እህቴ!»

«አሚን። ለአንተም ልብ ይስጥህ» አለችና ሳቀች።

እሱም ብቻውን እየሳቀ ተመለሰ። ጉዱን ለዙወይና እስኪነግራት ቸኮለ። ለሙሰለምም ያወራለታል።

ምሳው ጥላው ሥር እንደተከደነ ነበር። ዙወይና ከአከርካሪው ማዶ ቆማ፣ የሰበሰበችውን ቀሚሷን ወደ ቁርጭምጭሚቷ ትለቅ ነበር።