የእትዬ የሻረግ በር

መይሙና ተንበርክካ የበሩን የታችኛውን ክፍል እየቀባች ነው። ወገቧ አልቋል። ፕላስቲክ በር እንደ ብረት በር አይደለም፣ ጣጣው ብዙ ነው፤ ዝም ብለው ከቀቡት በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተገሸለጠ ይወድቃል። ስለዚህ ትናንት ተክለ ሃይማኖት ካለው ሱቋ ስትመለስ በሳሙና ፈትጋ አጠበችው፣ በብርጭቆ ወረቀት ላዩን አሻከረችው፣ ዛሬ ጠዋት አንደኛውን እጅ ቀለም ቀባችው። አሁን ሁለተኛው ላይ ናት። ቀለሙ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ሺፋ ናት የመረጠችው።

ሺፋ አንድ ልጇ ናት። ነገ ሽማግሌዎች ሊጠይቋት ይመጣሉ፣ ሊያገባት የፈለገው የአብዱልከሪም አባትና አጎቶቹ። ሰው ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው፤ ድሮ ነጭ ነበር በሚባል፣ አሁን ግን መልኩ በማይታወቅ በር አልፈው እንዲገቡ መይሙና አልፈለገችም። ባሏ ሁመድ ቢኖር እሱ ይቀባው ነበር። ሁመድ የለም፤ ስለዚህ እሷ ትቀባለች።

ደግሞ እትዬ የሻረግም ብለዋታል። እትዬ የሻረግ አከራይዋ ናቸው። ሺፋ ገና ቦርሳ አንግታ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ጀምሮ መይሙና እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሳቸውን ቤት ተከራይታ ኖራለች። ባለፈው ደውላ ነገ እንደ እናት ሆነው ከቤተሰቡ ጋር እንዲቀመጡላት ስትለምናቸው፣ "እንዴት እቀራለሁ፣ ሺፋ ልጄ አይደለች? ብቻ ቤቱን አሳምሪው፣ በሩንም አንድ ነገር አድርጊው" አሏት። መይሙና ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። እንዲህ ያለ አከራይ ማን ያገኛል ብላ። ሞኝ ናት፤ ሰው ስታምን ልክ የላትም።

የእትዬ የሻረግን ድምፅ ደረጃው ላይ ስትሰማ ከነብሩሿ ብድግ አለች። ከኋላቸው ባልና ሚስት የሚመስሉ ወጣቶች አሉ፤ ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ናት። ዘመዶቻቸው መሰሏት።

"ምነው እትዬ፣ ዛሬ? ሽማግሌው ነገ ነው እኮ።"

"ነገማ እመጣለሁ። እሰይ፣ መይሙዬ፣ የኔ ባለሙያ።" ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። "አላልኳችሁም? ቤት የሚይዝ ሰው ነው የገጠመኝ።"

"ቤት ስናይ ሰለቸን" አለች ነፍሰ ጡሯ፣ በሩን ከላይ እስከ ታች እያየች። "እኔ በሩ ካስጠላኝ ውስጡን ማየት አልፈልግም። ይሄ ግን ሲያምር።"

"የምን ቤት ነው የምታዩት?" አለች መይሙና።

"ይሄንኑ ነዋ" አሉ እትዬ የሻረግ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "ልሸጠው ነው። ልነግርሽ ነበር፤ ከሽማግሌው በፊት ልብሽን አላውክም ብዬ ነው።"

መይሙና ወደ እትዬ የሻረግ ዞረች። "ሺፋን ከዚህ ቤት ሳትድሪ አትወጪም ብለውኝ አልነበር? በአፍዎ?"

"ብያለሁ፣ አልክድም። የኑሮ ነገር ነው፤ ልጆቼም አላስቀምጥ አሉኝ። ነገ ደግሞ ማንም አይነካሽም፣ ቤትሽ ነው። እኔም አጠገብሽ እቀመጣለሁ።"

"ሽማግሌዎቹ እኮ ኒካሁ መቼ ነው፣ ሙሽራዋ የምትወጣው ከየት ነው ይላሉ። እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው እኔ ምን ልበላቸው?"

"አዳራሽ በያቸዋ። ዘንድሮ ማን ቤቱ ውስጥ ይድራል?"

ነደዳት። የሴትዮዋ ነጠላ ነጭ ነው፣ ብሩሹ እጇ ላይ ነው፣ አንዴ ብታሳርፍበት ምን ይሆናል? ግን ለእነ አብዱልከሪም ወይዘሮ የሻረግ በሴቷ ወገን ይቀመጣሉ ተብሎ ተነግሯቸዋል። ነገ ቢቀሩ ምን ተፈጠረ ይባላል፤ ቤት አልባዎች ናቸው ይባላል። ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠችው።

ሺፋ ከውስጥ ሰምታ ወጥታለች። ገርበብ ባለው በር በኩል በጠባቡ ሾልካ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

"እማ" አለች።

ነፍሰ ጡሯ በሩን ገፋ ልታደርግ እጇን ዘረጋች።

"አይንኩት፣ አልደረቀም" አለች መይሙና። "ልብስዎን ያበላሽብዎታል።" ከዚያም እሷው መዳፏን አሳርፋ እስከ ግድግዳው ገፋችላቸው። "ግቡ።"

ባልየው "ይቅርታ፣ እናስቸግራለን" አለና ጫማውን ጠርጎ ገባ። ሚስትየው ተከተለችው። እትዬ የሻረግ መጨረሻ ላይ ደፉን ሲረግጡ በሩ ላይ የቀረውን የእጅ ምልክት አዩት።

"ውይ፣ እቺን ደግሞ ሳትደርቅ ድገሚያት" አሉና እሳቸውም ባልና ሚስቱ ወዳሉበት አለፉ።

መይሙና በሩን አየችው። መዳፏ ከነጣቶቹ በደንብ ወጥቷል። እንዲሁ ልትተወው ፈለገች፤ ይድረቅ፣ ይኑርበት፣ ቤቱን የገዛው ሰው ፍቆ ያጥፋው። ከውስጥ ሴትየዋ አልጋውን እዚህ ጋ፣ የልጁን እዚያ ጋ እያለች ስታወራ ይሰማል። ሺፋ የኮሪደሩን ብረት ተደግፋ እናቷን እናቷን ታያለች። ነገ በጠዋት ሽማግሌዎቹ በዚህ በር ይገባሉ።

መይሙና ጎንበስ ብላ ብሩሹን አነሳች፣ ቀለሙ ውስጥ ነከረችውና በጣቶቿ ምልክት ላይ ቀባችበት።