ከወንዝ የወጣችው መኪና

ባለፈው ክረምት መብራቷ ጭጋግ ውስጥ ድንገት ጠፍቶ ከነሹፌሯ ወንዝ የገባችውን አሮጌ መኪና፣ የሟቹ ሚስት ማኅሌት ከወንዙ አስጎትታ ከኤሌክትሪሻኑ ከሰውነት ደጅ አቆመቻት። ሰውነት ባትሪውን ፈትቶ መሬት ላይ አኖረና ውሃ የዘለቃቸውን የሽቦ ሶኬቶች እንደ ልማዱ በአፉ እፍ እያለ ያደርቅ ጀመር።

«መብራቱን የሠራኸው አንተ ነህ» አለችው።

«ነክቼው አላውቅም፣ እትዬ።»

«በል እንግዲያ፣ በጻድቁ በነአኩቶ ለአብ ማልልኝ!»

ከጣቱ ሥር በመብራቱ ሽቦ ላይ ያለውን ቀይ ናስትሮ አምና በችኮላ የጠቀለለው ራሱ ነበር።

«ነአኩቶ ለአብን፣ አልነካሁትም!»

ዐይኗን ሽሽት አጎነበሰና የመጨረሻውን ሶኬት እፍ አለው። ድፍርስ ውሃ ወጣ። ከንፈሩን ገና ሳያነሣ፣ ሶኬቱ መልሶ እፍ አለው፤ ትንፋሹ ይሞቃል፣ ደለል ደለል ይሸታል።