ቀይ ሊጥ በአረንጓዴ ውሃ

ሌሊሳ የቤት ቀለም ቀቢ ነው። አዲሱ ገበያ አካባቢ ቀለም በዓይኑ ለክቶ የሚያዋህድ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እሱ ነው። ይኼ ጎበዝ እንግዲህ አራት ቅዳሜ ሙሉ አንዲት ዓሣ ማውጣት አቃተው።

ዓሣዋን ሊበላት አይደለም። ናዝሬትን ሊያገባባት ነው።

ነገሩን የነገረችው ራሷ ናዝሬት ናት፣ በጥምቀት ማግሥት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው። "አባዬ ምን አለ መሰለህ? 'ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ከኔ ጋር ዓሣ ያጥምድ። ክንድ የሚያህል ካርፕ ካወጣ ትዕግሥት አለው ማለት ነው፤ ሽማግሌዎቹን እቀበላለሁ።'"

"ካላወጣሁስ?"

"ቀጠሮው ዐቢይ ጾም እስኪገባ ነው። ካለፈ አለፈ። ደግሞ እሱ ፊት እንዳታነሳው!"

ባትለውም አያነሳም ነበር። ልጅዎን ይስጡኝ ብሎ በራሱ አፍ የሚናገር ሰው የት አገር አለ? ያ የሽማግሌ ሥራ ነው።

ኩሬዋ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ዛፉ በታች ናት። ድሮ ድንጋይ የሚፈለጥበት ጉድጓድ ነበር፤ ዝናብ ሞላውና ቀረ። ካርፑን ማን እንደጨመረበት የሚያውቅ የለም። የናዝሬት አባት ጋሽ ዓምሃ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ አይጠፉም።

መንጠቆ ላይ የሚሰካውን የሁለቱንም ሊጥ የምታዘጋጀው ናዝሬት ናት። የአባቷን በእርድ ታሸዋለች፣ ቢጫ ይሆናል። የሌሊሳን በቀይ ሥር። "አባዬ ጀማሪ በቀይ ይጀምር ብሏል" አለችው።

ጋሽ ዓምሃ ከሰላምታ ሌላ አይተነፍሱም። ቢጫውን ይጥላሉ፣ ካርፕ ይጎትታሉ። ሌሊሳ ቀዩን ይጥላል፣ ይጠብቃል። እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም። ክሩን ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይወረውረዋል። ጋሽ ዓምሃ በጎን ያዩታል፤ ዞር ሲል ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

"ይስቁብኛል እንጂ!" ይላል ሌሊሳ በሆዱ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጋሽ ዓምሃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስማኝ ልጄ፣ አንተ ገና ወጣት ነህ። ቅዳሜህን እዚህ ባታቃጥለውስ?"

"ግድ የለም ጋሼ። እኔ አልሰለችም" አለ ጥርሱን ነክሶ። ተስፋ ሊያስቆርጡት! እልሁ ባሰበት።

ዳገቱን ሲወርድ ለናዝሬት ደወለ። ስልኩ አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይጠራ አነሳችው።

"እሺ፣ ዛሬስ?"

"ምንም።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማ። "አይዞህ የኔ ጌታ" አለችው። አንጀቱን በላችው።

ከአራተኛው ቅዳሜ በኋላ እንቅልፍ አጣ። እሑድ ከቸርች ወጥቶ በቀጥታ ኩሬዋ ዘንድ ሄደ፣ ብቻውን። ከቤት በያዘው ነጭ የሻይ ሰሃን ላይ ራሱ ያሻቸውን አንድ ቀይ፣ አንድ ቢጫ ሊጥ ለጠፈ። ሰሃኑን በሲባጎ አንጠልጥሎ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ቁልቁል ለቀቀው።

አንድ ክንድ ሲወርድ ሁለቱም እንደነበሩ ናቸው። ሦስት ክንድ ላይ ቀዩ ቡናማ መሰለ። ስድስት ክንድ ላይ ጠቆረ፣ ጭቃ ሆነ። ቢጫው ግን በዚያ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ እንኳ ይታይ ነበር።

"ቀለም ቀቢ ተብዬ!" ግንባሩን መታ። ግድግዳ ላይ የሚጮኸው ቀይ ውሃ ውስጥ ድራሹ ይጠፋል። ካርፕ ደግሞ ያላየውን ከየት አምጥቶ ይብላ? በዚያ ላይ ክሩ ላይ ለክብደት የታሰረው እርሳስ ሊጡን ጎትቶ ደለል ውስጥ ይቀብረዋል። መሐሉ ፈንዲሻ ቢገባበት ቀለል ብሎ ከጭቃው ትንሽ ከፍ ይላል።

ወዲያው ደሙ ፈላ። ጋሽ ዓምሃ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። አውቀው ነው ቀይ ያሰጡት!

ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በመጨረሻዋ ቅዳሜ ጠዋት ለናዝሬት ደወለ። "ዛሬ ሊጥሽን ተይው። የራሴን አሽቻለሁ፣ ቢጫ።"

"ቢጫ? ለምን? እ... ማለቴ፣ አባዬ እንዳይቀየም ብዬ ነው። ቀዩን ይዤልህ ልምጣ?"

"አይ፣ በቃ" አለና ዘጋው።

ቢጫውን ሊጥ ከነፈንዲሻው ጣለ። ብዙም አልቆየ፣ ዘንጉ ጎበጠ።

"አትጎትተው!" ጋሽ ዓምሃ የራሳቸውን ዘንግ ጥለው እየሮጡ መጡ። "ልቀቅለት! ይሂድ፣ ይደክመዋል! እንደሱ... አሁን ጠቅልል!"

በመረባቸው ራሳቸው አፈሱለት። ክንድ አይሉት፣ ከክንድም የሚያልፍ ካርፕ። "ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!" ብለው እርጥብ እጃቸውን ሳይጠርጉ አቀፉት።

ሌሊሳ ከእቅፋቸው ወጣ። አራት ቅዳሜ ያመቀው ነገር ፈነዳ፤ ነውሩንም ረሳው። "ጋሼ፣ እንግዲህ ቃልዎን ይጠብቁ! ነገ ሽማግሌ እልካለሁ።"

"የምን ቃል?"

"ካርፕ ካወጣ ሽማግሌ እቀበላለሁ ያሉትን ነዋ! እንዳይሳካልኝ ቀይ ሊጥ ያሰጡኝስ?"

ጋሽ ዓምሃ መረቡን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። በዚህ ሁሉ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አዩት።

"እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ ልጄ። ማጥመድ መማር ይፈልጋል ስትለኝ ነው እሺ ያልኩት።"

"ታዲያ ናዝሬት..."

"ሽማግሌ ከላከ እምቢ በልልኝ ብላ እግሬ ላይ የወደቀችው እሷ ናት።"